ብረቱ ለደሴ፣ እንጨቱ ለሞላ

ሁለት ወንድማማቾች አንድ ጠመንጃ ሲካፈሉ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ አይቻለሁ። ሁለት ብሎን ተፈታና አለቀ። ብረቱ ወደ ላይኛው ግቢ ወጣ፤ እንጨቱ ወደ ታችኛው ግቢ ወረደ። በሁለቱ መካከል ያለው ግቢ የእናቴ ነው። ለእሷ ምንም አልደረሳትም። ወይም ሁላችንም እንደዚያ መስሎን ነበር።

መጀመሪያ ያን ጊዜ ማን እንደነበርሁ ልንገራችሁ። ጎንደር፣ ቁስቋም አካባቢ፣ ጣራው ዝናብ በሚያስገባ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እኖር ነበር። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ «ገጣሚ ነኝ» እላለሁ። እናቴ መንደራችን ድብ ባሕር ላይ ለጎረቤቶቿ «ባጃጅ ላይ ይጽፋል» ትላቸዋለች፤ የእሷ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ለባጃጅ ነጂዎች ከኋላ መስታወታቸው ላይ የሚለጠፍ ሁለት ሁለት ስንኝ እገጥም ነበር። በከተማው ብዙ የዞረችልኝ ይህች ናት፦

እለፈኝ ወንድሜ፣ መንገዱ ይስፋልህ፤
ትራፊኩ ከታች በናፍቆት ቆሞልህ።

ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ቅኔ ቤት አልገባሁ፣ ዩኒቨርሲቲ አልረገጥሁ። አንድ ቦታ ቁጭ ካልሁ እግሬ ይበላኛል። ዓይኔ ግን አያርፍም፤ ሰው የማያየውን አያለሁ ብዬ እኮራ ነበር። የዚህ ታሪክ ቀልድ እኔ ላይ የሚያርፈውም እዚሁ ላይ ነው።

ጠመንጃው የእናቴ አባት የተዉት ምንሽር ነው፤ በየተኩሱ መቀርቀሪያውን ስበው ገፍተው አንድ አንድ ጥይት የሚያጎርሱት የዱሮ መሣሪያ። አያቴ ሲያርፉ መሬቱም ከብቱም ያለ ጭቅጭቅ ተከፈለ። ምንሽሩ ላይ ሲደርስ ግን ከእናቴ ወንድሞች አያ ደሴ «ታላቁ እኔ ነኝ» አለ፤ አያ ሞላ «አባባን ያስታመምሁት እኔ ነኝ» አለ። ሽማግሌዎቹ በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጠው ሲለፉ ከረሙ። በመጨረሻ የሰለቻቸው አንድ ሽማግሌ ሁለቱን ለማሳፈር ብለው፣ «እንግዲያው ብረቱ ለደሴ፣ እንጨቱ ለሞላ ይሁን» አሉ። ሰው ሁሉ አሁን አንገታቸውን ደፍተው ይታረቃሉ ብሎ ጠበቀ። እነሱ ግን «ተስማምተናል» አሉ። እኔ እስክገባበት በአንድ ነገር የተስማሙት ያን ቀን ብቻ ነው።

አያ ደሴ ብረቱን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ ከአልጋው ራስጌ አኖረው። አያ ሞላ እንጨቱን ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቀለው፤ ነቀዝ እንዳይበላው ነው ይላል። አንዱ በዘይት፣ አንዱ በጭስ፣ ለየብቻቸው አረጁ። ወንድማማቾቹም እንደዚያው። መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሰማይ ያያል፣ ሌላው ጫማውን። የቀበሌው መዝገብ ላይ ብቻ ጠመንጃው በሁለቱም ስም ስለሆነ «ደሴና ሞላ» ተብለው አንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ይህ ሁሉ ማንንም ባልጎዳ ነበር፣ እህቴ ስመኝ ባትታጭ።

በእናቴ ወገን ሴት ልጅ ስትዳር፣ ከደጅ ከመውጣቷ በፊት የቤቱ ጠመንጃ ካብ ላይ የተቀመጠ ቅል መስበር አለበት። የሚተኩሱት አጎቶቿ ናቸው። ቅሉ ከተሰበረ ሙሽራዋ ወገን አላት ማለት ነው። ከተሳተ የወንዱ ወገን «አጎት አልባ» እያለ እየዘፈነ ይወስዳታል። ያ ዘፈን ከሙሽራዋ ቀድሞ አማቶቿ ቤት ይገባል፤ ከገባ ደግሞ አይወጣም። አባታችን በሕይወት የሉም፤ ስለዚህ ስመኝን ከደጅ የሚያወጧት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ለቃል ማሰሪያው የወንዱ ሽማግሌዎች ከደንቢያ፣ ከኮላ ድባ ሲመጡ፣ እናቴ ምንሽሩ ለሙከራ እንዲገጠም ለመነች። አያ ደሴ ብረቱን አቅፎ መጣ፣ አያ ሞላ እንጨቱን ተሸክሞ መጣ። ሳይተያዩ ገጠሙት። አያ ደሴ አነጣጥሮ ተኮሰ። ቅሉ እንደተቀመጠ ቀረ። ጥይቱ ወደ ግራ ታጥፎ የአያ ሞላን የንብ ቀፎ በሳው። የቀረውን ንቦቹ ጨረሱት። የተከበሩ የደንቢያ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው እስከ አስፋልቱ ድረስ ሮጡ።

ቆይተው መልእክት ላኩ፤ ለሠርጉ ምግቡን እንጂ ማሩን አታስቡበት፣ ባለፈው በልተናል የሚል። አጎቶቼም ላኩ። አያ ደሴ፣ በተጣመመ እንጨት ብረቴን ካሳፈረ ሰው ጋር አልቆምም አለ። አያ ሞላ፣ ቀፎዬን ከበሳ ሰው ጋር አልቆምም አለ። ሁለቱም ከቀሩ እህቴን ከደጅ የማወጣት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ጠመንጃ የማውቀው በቀረርቶ ነው።

በሁዳዴ አጋማሽ እናቴ ደወለች።

«ና» አለችኝ።

«ምነው?»

«ምነው ትለኛለህ እንዴ። የእነዚህን ሰዎች ነገር የሚያጋጥም ጠፍቷል። አንተ ቃል ስታጋጥም ትውል የለም? ና።»

ከመሄዴ በፊት የማኪና አካል የሚጠግን አንድ ጓደኛዬን አማከርሁ። የንቦቹን ነገር ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ፤ ከዚያ በስልኩ የአንድ ፈረንጅ ቪዲዮ አሳየኝ። ነገሩ ለካ ቀላል ነው። የጠመንጃ ብረት በእንጨቱ ጉድጓድ ውስጥ አንቀልባ ላይ እንዳለ ሕፃን ጥብቅ ብሎ መተኛት አለበት። እንጨቱ ሲደርቅና ሲጣመም ብረቱን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል፤ ጥይቱም ወደዚያው ይሄዳል። ፈረንጁ ጉድጓዱን ከሁለት ቱቦ በሚቀላቀል ሙጫ ሞልቶ ብረቱን አስተኛበት፤ ሙጫው የብረቱን ቅርጽ ይዞ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ጓደኛዬ እንደዚያው ያለ ሙጫ ከሱቁ አወጣልኝ፤ አንድ ቆርቆሮ ግራሶም ጨመረልኝ።

«ብረቱን ግራሶ ቀባው» አለኝ። «ካልቀባኸው ሁለቱ አብረው ይቀበራሉ። ያኔ እኔ ዘንድ እንዳትመጣ።»

ድብ ባሕር ስደርስ እናቴ ሁለቱን ወንድሞቿን ግቢዋ ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር፤ አንዱ ፊቱን ወደ ላይኛው ግቢ፣ ሌላው ወደ ታችኛው አዙሮ። ብረቱ አያ ደሴ ጭን ላይ ነው፣ እንጨቱ አያ ሞላ ጉልበት ላይ። ክንድ ቢዘረጉ ይነካካሉ። እኔን መካከል በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ አያ ደሴ አፉን ሲከፍት ነው።

«ንገረው» አለኝ። «ብረቱን በኩራዝ ጥላሸት እናጠቁራለን። እንጨቱ ላይ አስተኝተን እናነሣዋለን። እንጨቱ ላይ የጠቆረው ቦታ ብረቱን የሚገፋው ቦታ ነው። እሱን መፋቅ፣ እንደገና ማጥቆር፣ እንደገና መፋቅ። አባባ የሚያውቀው ይህንን ነው።»

ሸጋ መንገድ ነው ብዬ ወደ አያ ሞላ ዞርሁ። እሱ ቀድሞ ሰምቶ ቀልቷል።

«ንገረው፣ የሚፋቀው ምኑ ነው? እንጨቱ። እንጨቱ የማን ነው? የእኔ። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያሉ የአባቴን ውርስ ጭራሮ ሊያደርጉብኝ ነው። ምነው ብረቱ አይሞረድም?»

«ብረቱ ይሞረድ ይላል» አልሁት አያ ደሴን፣ ያልሰማ ይመስል።

«ሰምቻለሁ። አባቴ የሰጠኝን ብረት የሚሞርድ ሰው አስቀድሞ ጥርሴን ይሞርድ በለው።»

«ጥርስ የቀረው አስመስሎ ያወራል በለው።»

ይህን አላደረስሁም። ማድረስም አላስፈለገም።

ከጉድጓዱ ሥር ቆዳ ብናነጥፍበትስ ብዬ ጠየቅሁ። የለሰለሰ የፍየል ቆዳ ክፍተቱን ይሞላል፣ ከማንም አይቀንስም። አያ ሞላ ራሱን ነቀነቀ፤ በጎ ነገር ነው። አያ ደሴ ግን ቆዳው የማን ፍየል እንደሆነ ጠየቀ። የአያ ሞላ ፍየል ከሆነ የእሱ ድርሻ ሊጨምር ነው። የአያ ደሴ ፍየል ከሆነ ደግሞ፣ አለ አያ ሞላ፣ እንጨቴ ውስጥ የእሱ ፍየል አይተኛም። እናቴ ፍየል የላትም። ቆዳው በዚህ ቀረ።

ያኔ ሁለቱን ቱቦ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሙጫ እንደማይፍቅ፣ እንደማይሞርድ፣ ክፍተቱን ሞልቶ ዝም እንደሚል ነገርኋቸው። ቪዲዮውንም አሳየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም አንድ ነገር አዩ፤ የእኔን የተሰነጠቀ ስልክ። አያ ደሴ ቱቦውን አገላብጦ ተመለከተ።

«ሙጫው የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ አያ።»

«ታዲያ ሦስተኛ ወራሽ ሆነህ ልትገባብን ነው?»

«አሁን ገና ደህና ነገር ጠየቀ በለው» አለ አያ ሞላ።

ሙጫው ስጦታ እንደሆነ፣ ከምንሽሩ አንዲት ስንጥር እንደማልጠይቅ በስመኝ ሠርግ ማልሁ። ከዚያ ሁለቱም አንድ ጥያቄ ቀራቸው፦ ሲደርቅ ይለያያል ወይ? ብረቱ ወደ ብረቱ ቤት፣ እንጨቱ ወደ እንጨቱ ቤት ይመለሳል ወይ? ብረቱ ግራሶ ከተቀባ እንደሚለያይ፣ ጉድጓዱ ብቻ የብረቱን ቅርጽ ይዞ እንደሚቀር አስረዳሁ። በእኔ ኃላፊነት አልሁ። ይህን ቃል ስናገር እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር።

ሊመሽ ሲል ምስር እየለቀመች አጠገቤ ተቀመጠች።

«ያ ግራሶ የምትሉት ምን ያደርጋል?»

«ሙጫው ብረቱን እንዳይዘው ነው።»

«ካልተቀባስ?»

«ይጣበቃላ።»

«እንደው ለምን ያህል ጊዜ?»

«ለዘለዓለም፣ እማ። በእሳት ካልሆነ አይላቀቅም፤ በእሳት ከሆነ ደግሞ እንጨቱ ይነድዳል።»

«ውይ» አለች፣ እጅግ አዝና። አንዲት ጠጠር ከምስሩ አውጥታ ጣለች። ሌላም ጠጠር አወጣችና፣ «ቅባት በሙቅ ውኃና በሳሙና ይለቃል፣ አይደል?» አለችኝ። ምን የማይለቅ አለ አልኋት። ሰው የማያየውን የማየው ገጣሚ ይህን ሁሉ ሰምቼ እራት መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁ።

በማግስቱ ወንድማማቾቹ ከቅዳሴ እንደወጡ መጡ። እኔ ክርታሱን ዘርግቼ፣ ምላጩና የጥይቱ መግቢያ ውስጥ ሙጫ እንዳይገባ ቀዳዳውን ሁሉ በጧፍ ሰም ደፍኜ ጠበቅኋቸው። የግራሶውን ቆርቆሮ ስከፍት አያ ደሴ ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«ይህ የጾም ነው የፍስክ?»

«የማኪና ነው፣ አያ።»

«ማኪና አይጾምም። ከምን ነው የተሠራው?»

አላውቅም። ጓደኛዬም አይመስለኝም የሚያውቀው። አያ ደሴ ቀና ብሎ፣ ይህ ብረት ሲያነጣጥር ከጉንጩና ከአፉ አጠገብ እንደሚሆን፣ በሁዳዴ የላም ስብ ሊሆን የሚችል ነገር ከአፉ አጠገብ እንደማያስደርስ ተናገረ። ወደ አያ ሞላ ተስፋ አድርጌ ዞርሁ። ስብ የነካው እንጨት ቤቴ አይሰቀልም ብሎ እሱም ጨመረበት። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ተስማሙ፤ ሁለቱንም ጊዜ በእኔ ላይ።

እናቴ ከጓዳ የኑግ ዘይት ይዛ ወጣች።

«በቅባት ምክንያት ሰው ይጣላል እንዴ? ይኸው፣ የጾም ነው፤ ራሴ ያስጨመቅሁት። የምቀባውም እኔ ነኝ። እናንተ ከቀባችሁት ይህ አበዛ፣ ያ አሳነሰ ትላላችሁ።»

ይህ ለሁለቱም ፍርድ መሰላቸው። ሁላችንም እያየን ብረቱን እንደ ሕፃን ዘይት በዘይት አደረገችው፤ አብለጨለጨ። ከዚያ እጇን አራግፋ፣ «በሉ ግቡ» አለች። «ጾም ሳትገድፉ ምን ትሠራላችሁ። እጃችሁ ይንቀጠቀጣል።»

ገባን። ሽሮውን ለአያ ደሴ በአንድ ጥግ፣ ለአያ ሞላ በሌላው ጥግ አቀረበች፤ እኔን እንደተለመደው መካከል አደረገችኝ። ራሷ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች። ውኃው ራቅ ያለ መሰለኝ፤ በልተን እስክንጨርስ አልተመለሰችም። ስንወጣ ብረቱ እንደነበረ ክርታሱ ላይ ተኝቷል። አነሣሁት።

ሞቅ ይላል።

ልብ በሉ፣ አየሁት። ዓይኔ አላንቀላፋም። ፀሐዩ ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ብረቱ የተኛው ጥላ ላይ ነው። እንደገና ነካሁት፤ ሞቅ ይላል። እና ምን አሰብሁ? «ብረት እንኳ ከእንጨቱ ሊገናኝ ሲል ይሞቃል» ብዬ አሰብሁ። ሸጋ ሐሳብ ሆና ታየችኝ፤ እንዳትጠፋብኝ እስክርቢቶ አውጥቼ መዳፌ ላይ ጻፍኋት።

ከዚያ ሙጫውን ቀላቀልሁ። ጉድጓዱን ሞላሁ። አያ ደሴ ብረቱን ሊያስተኛ፣ አያ ሞላ እንጨቱን ሊይዝ ጎንበስ ሲሉ ጭንቅላታቸው ተጋጨ፤ ሁለቱም ግንባራቸውን እያሹ ወደ እኔ ተመለከቱ፣ የመታኋቸው እኔ ይመስል። ብረቱ ገባ። ብሎኖቹን አሰርሁ፤ ከባጃጅ የውስጥ ጎማ በቆረጥሁት ጠፍር ዙሪያውን ጠምጥሜ አጠበቅሁት። እናቴ አልጋዋ ሥር አስገባችው።

በማግስቱ ጎማውን ፈታሁ። ብሎኖቹን አወጣሁ። በእንጨት መዶሻ ከሥር ቀስ ብዬ መታ መታ አደረግሁ፤ ፈረንጁ እንዳደረገው። የፈረንጁ ብረት ዘሎ ወጥቶ ነበር። የእኛ አልተነቃነቀም። ጠንከር አድርጌ መታሁ። አያ ደሴ ተቀበለኝና መታ። አያ ሞላ እንጨቴን ሊሰብር ነው ብሎ ቀማው። አያ ደሴ በአፈሙዙ በኩል ያዘ፣ አያ ሞላ በሰደፉ፤ ተጓተቱ። ሁለት የሸበቱ ሰዎች አንድ ምንሽር ይዘው እየተጓተቱ የእናቴን ግቢ ዞሩት፤ ዶሮዎቹ ካብ ላይ ወጡላቸው። በመጨረሻ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ፤ ማንም ግን አልለቀቀም።

አያ ደሴ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ሳያስበው አንገቱን ዞር አደረገ።

«ሞላ፣ ይህ ልጅ ምን አደረገን?»

«እኔም እሱን ልልህ ነው፣ አያ ደሴ።»

ያሉትን የሰሙት ካሉት በኋላ ነው። «ንገረው» የሚል ቃል በመካከላቸው አልነበረም። አያ ሞላ ጫማውን ሊያይ ፈለገ፤ አያ ደሴም ሰማዩን። ግን ምንሽሩን ስለያዙ እንደ ልብ መዞር አልሆነላቸውም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ቤት አዞረች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ታለቅሳለች ብዬ ልቤ ተሰበረ።

ምንሽሩን ማን ይዞ ይግባ? አያ ደሴ ቢወስደው የአያ ሞላን እንጨት ወሰደ። አያ ሞላ ቢወስደው የአያ ደሴን ብረት ወሰደ። ስለዚህ እንደያዙት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ብርዱ ሲመጣም ተቀምጠዋል። እናቴ ፊቷን ታጥባ ወጣች።

«እንግዲያው እኔ ዘንድ ይደር» አለች። «መካከል ያለሁት እኔ ነኝ።»

ሌላ መላ አልነበረም። አያ ደሴ ሲወጣ በጣቱ ጠቆመኝ፤ ቅሉ ካልተሰበረ ካብ ላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ አለኝ። አያ ሞላ፣ እኔ ደግሞ አስቀምጥሃለሁ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ፋሲካ ሁለቱም በየጠዋቱ እየመጡ ድርሻቸውን ጎበኙ። አንዱ ብረቱን ይወለውላል፣ ሌላው እንጨቱን። ጥይት ስለሌለ የሞከረው ሰው አልነበረም፤ የመጨረሻዋ ቀፎው ውስጥ ቀርታለች።

ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሆነ። የደንቢያ ሰዎች መጡ፣ አመጣጣቸውም የታሰበበት ነበር። ሚዜዎቹ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ «ዝዝዝ» እያሉ ገቡ። ሴቶቻቸው ዘፈኑን ጀምረውታል፤ «አጎት አልባ» የሚለው ቃል አፋቸው ላይ ተዘጋጅቶ እንደሚጠብቅ ይታወቃል። ስመኝ በመስኮት ታየኛለች። ፊቷ ላይ ያለውን ለማንበብ ገጣሚ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ቅሉ ካቡ ላይ ተቀመጠ። አጎቶቼ ምንሽሩን በሁለት ጫፍ ይዘው ወጡ፣ ቃሬዛ እንደተሸከሙ። ሠርገኛው ሳቀ። አያ ደሴ መቀርቀሪያውን ሳበ፤ ከዚያ ባዶውን ጉረሮ አይቶ ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ጥይት አለህ?»

«እኔ እንጨት ነው የደረሰኝ።»

የደንቢያዎቹ ሳቅ ጨመረ። ያኔ እናቴ በሰዉ መካከል ሰንጥቃ መጣች። የመቀነቷን ጫፍ ፈታች። በጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ጥይት አወጣች፤ ቢጫዋ እንደ ወርቅ ጠርቷል።

«አባባ ሲያርፍ ሙዳዬ ውስጥ ነበረች» አለች። «ብረቱን ለእሱ፣ እንጨቱን ለእሱ ስትሉ ጥይቱስ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

ያካፈሏቸው ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። አያ ደሴ ጥይቷን በሁለት እጁ ተቀብሎ አጎረሰ።

አሁን የሚተኩስ ማን ነው? አያ ሞላ ሰደፉን ትከሻው ላይ አደረገ፤ እንጨቱ የእኔ ነው፣ ከትከሻዬ አይወርድም አለ። አያ ደሴ ጣቱን ምላጩ ላይ አደረገ፤ ምላጩ የእኔ ነው፣ ከጣቴ አይወጣም አለ። ስለዚህ ታላቁ ከታናሹ ጎን ተንበረከከ፣ ክንዱን በወንድሙ ጀርባ አዞረ፣ ሁለቱም በአንዱ ምንሽር ለማነጣጠር ጉንጫቸውን አገጣጠሙ። ጢማቸው ተጠላለፈ።

«ጢምህን ሰብስበው፣ አያ ደሴ።»

«ዝም ብለህ ተንፍስ። አይደለም፣ አትተንፍስ።»

ሳቁ ቆመ። ከዝምታው ውስጥ የአያ ሞላ ንቦች ብቻ ይሰማሉ። እኔ ካቡን፣ ከካቡ ቀጥሎ ራሴን እዚያ ተቀምጬ አየሁ። ለካ ሰው ሲፈራ ግጥም አይመጣለትም።

ተኮሱ። ቅሉ ከመካከሉ ተበትኖ አንድ ፍንካች ከሚዜዎቹ እግር ሥር ወደቀ።

የሆነውን ሁሉ ልነግራችሁ አልችልም፤ እልልታው ነው የሚታወሰኝ። ሁለቱ አጎቶቼ እርስ በርስ ተደግፈው ተነሡ። የእኛ ወገን ሴቶች ከበሮ አንሥተው የሚሉት ሲያጡ በአንዷ ጆሮ ሁለት ስንኝ ጣልሁ፦

ብረቱ ከታላቁ፣ እንጨቱ ከታናሹ፤
ቅሉን አወረዱት ጉንጭ እየተሻሹ።

ተቀበሏት። ቀጥሎ የደንቢያዎቹ ሴቶች ተቀበሏት። ስመኝን ይዘው ሲሄዱ ያቺን ነበር የሚዘፍኑት፤ ከእህቴ ቀድማ ኮላ ድባ የገባችው የእኔ ስንኝ ናት። ማን እንደገጠማት የጠየቀ የለም፤ እኔም አልተናገርሁም። ለባጃጅ ስገጥም ግን ስሜን በቀይ ከሥር እጽፍ ነበር።

ሰዉ ሲበተን እናቴ ምንሽሩን ከምሰሶው ላይ ስትሰቅል አገኘኋት። ከብዷታል፤ ከሥር ያዝሁላት። ብረቱን ስነካው ቀዝቃዛ ነው። ያኔ ነው የገባኝ፤ እዚያው ቆሜ፣ እጄን ሳላነሣ።

«እማ፣ ያን ቀን ብረቱ ሞቅ ይል ነበር።»

«ይል ይሆናል።»

«ውኃ ልቀዳ ብለሽ ነበር የወጣሽው።»

«ቀዳሁ። አሞቅሁት እንጂ አልጠጣሁትም።» ጠፍሩን አጠበቀች። «ምነው እንደዚህ ታየኛለህ? አንተ ሁለት ቃል ስታጣብቅ ማን አስፈቅዶህ ያውቃል?»

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህን የምነግራችሁ እናቴን ላሳጣ አይደለም። አጎቶቼ ይህን ቢያነቡ እንኳ ምን ያደርጋሉ? ምንሽሩ ዛሬም እናቴ ቤት ነው። አያ ደሴ ብረቱን ሊወለውል ይመጣል፣ አያ ሞላ እንጨቱን ሊያሽ ይመጣል፤ ሲመጡ አንድ ገበታ ይቀርብላቸዋል፤ መካከል የሚቀመጥ ሰው ስለሌለ በቀጥታ ይሰዳደባሉ። ሦስቱ ልጆች ከአባታቸው መሣሪያ የደረሳቸውን ብትጠይቁኝ፣ አንዱ ብረት፣ አንዱ እንጨት፣ አንዷ ደግሞ ምንሽር እላችኋለሁ።

በእኔ የተለወጠው ሌላ ነው። ባጃጅ ላይ መጻፉን አልተውሁም፤ ስሜን ከሥር መጻፉን ግን ተውሁ። ደግሞም መዳፌ ላይ ያቺን ሸጋ ሐሳብ የጻፍሁባትን ሰዓት አልረሳትም። እውነቱ እጄ ላይ ሞቅ ብሎ ሳለ እኔ አስውቤ አለፍሁት። አሁን የሞቀ ብረት ሳገኝ ከመጻፌ በፊት ማን አሞቀህ ብዬ እጠይቀዋለሁ። እናንተም ገጣሚ ሲያስለቅሳችሁ፣ ከቤቱ ጀርባ እሳት የሚያነድ ሰው እንዳለ አንዴ ዞር ብላችሁ ተመልከቱ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እናቴ ደወለች። ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፣ ስለ ጣራው ጠየቀችኝ፣ ስለ ስመኝ አወራችኝ። የስመኝ ባልና ወንድሙ ሽንኩርት የሚያጠጡበትን የውኃ ሞተር ሊካፈሉ ነው አሉ፤ ሞተሩ ለአንዱ፣ ቱቦው ለአንዱ ተብሎ ተፈርዶ።

«ያ ሙጫህ» አለችኝ፣ «ውኃ ይችላል?»